የለመደ እጅ፣ አዲስ ሲስተም፦ አንጋፋ የቢሮ ሠራተኞችን ኮምፒውተር ለምታስተምሩ

መሥሪያ ቤት ውስጥ አዲስ ሲስተም ሲገባ የሚደረገው የታወቀ ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ አርባ ሰው ይሰበሰባል፣ ፕሮጀክተር ይበራል። አሠልጣኙ ከመጀመሪያው ሜኑ እስከ መጨረሻው እየከፈተ ያሳያል፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የምስክር ወረቀት ይታደላል። ሰኞ ጠዋት ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብለው የቱን እንደሚጫኑ ይጨነቃሉ። ከወዲያ ጠረጴዛ ደግሞ "እሳቸው እኮ አይሆንላቸውም" የሚል ድምፅ ይሰማል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ድምፅ ባለቤት ነው፤ የአይቲ ባለሙያም ይሁን፣ በየአሥር ደቂቃው "እስቲ አንዴ ናልኝ" የሚባል ባልደረባ። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሰው ገና ስምንት ዓመት ከዚህ ሲስተም ጋር ይከርማሉ። "ሊወጡ ነው፣ ተዋቸው" የሚያስብል ጊዜ አይደለም።

እንደኔ እንደኔ አንጋፋ ሠራተኞች ስክሪን ላይ የሚሠሩት ስህተት ባብዛኛው ካለማወቅ አይመጣም። በጽሕፈት መኪና፣ በመዝገብና በካርቦን ወረቀት ዘመን ትክክል የነበረ ልማድ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ስህተት ስለሚሆን ነው። ልማዱ የቱ እንደሆነ ካወቃችሁ ማስተካከያው ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ካላወቃችሁት ግን ያንኑ ስህተት ስታርሙ ዓመት ይሞላል።

መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ እጅ

ከአርባ ዓመት ወዲህ የዓይን ሌንስ ቅርብ ነገር ላይ የማተኮር አቅሙ ይቀንሳል። ለዚህ የሚታዘዘው የንባብ መነጽር የሚለካው ለመጽሐፍ ርቀት ነው፣ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ስክሪኑ ያለው ግን ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። መነጽሩን ሲያደርጉ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ሲያወልቁ ኪቦርዱ አይታይም። "ማንበብ አይፈልጉም" የተባሉ ሰዎች ጥቂት የማይባሉት እውነቱን ለመናገር ማንበብ አልቻሉም። የዓይን ሐኪም ጋ ሲሄዱ ስክሪናቸው ከዓይናቸው ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለክተው ቢነግሩ ለዚያ ርቀት የሚሆን መነጽር ይታዘዝላቸዋል።

ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የተሠራ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ በታችኛው ክፍል ለማየት አገጫቸውን ሽቅብ ያነሣሉ። ሞኒተሩ ሲፒዩ ላይ ወይም የወረቀት ካርቶን ላይ ከተቀመጠ ከሰዓት በኋላ አንገታቸውን ያማቸዋል። ጠረጴዛው ላይ አውርዱት።

ጽሑፉን ለማተለቅ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ውስጥ ገብታችሁ ስኬል የሚለውን 125 ወይም 150 በመቶ አድርጉ። ብዙ ሰው ሪዞሉሽን ይቀንሳል፤ ያ ፊደሉን ያተልቀዋል፣ ግን ያደበዝዘዋል፣ ለደከመ ዓይን ደግሞ ብዥታ ከትንሽነት ይብሳል። በ150 በመቶ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች የታችኛው ቁልፋቸው ከስክሪኑ ውጭ እንደሚወጣ ልብ በሉ። "ሴቭ የሚለው የለም" ካሉ እውነታቸውን ሊሆን ስለሚችል ሄዳችሁ እዩ። ወደ 125 መመለስ ነው።

ከዚያ ማውዝ። ደብል ክሊክ የሚያስቸግረው በሁለቱ ጠቅታዎች መሐል እጅ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ኮምፒውተሩ ያንን እንደ ጉተታ ይቆጥረውና ፋይሉን አጠገቡ ያለ ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። "ፋይሌ ጠፋብኝ" የሚለው ስሞታ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በኮንትሮል ፓነል የማውዝ ገጽ ላይ የደብል ክሊክ ፍጥነትን ቀንሱ፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን አንዴ ጠቅ አድርጎ ኢንተር መጫንን ማስለመድ ነው። ፋይሉ ቀድሞ ከተሰወረ በጎረቤት ፎልደሮች ውስጥ ፈልጉ፤ ወይም ሌላ ነገር ሳይነካ በፊት እዚያው ኮንትሮልና ዜድ ተጫኑ፣ ይመለሳል።

ነም ሎክም አለ። መብራቱ ሲጠፋ በቀኝ በኩል ያሉት ቁጥሮች ቁጥር መጻፋቸውን ትተው ከርሰሩን ያንቀሳቅሳሉ። ዕድሜ ልካቸውን በሒሳብ ማሽን የደመሩ ሰዎች ቁጥሩን ሳያዩ ስለሚጽፉ አሥር መስመር ከሄዱ በኋላ ነው ባዶ መሆኑን የሚያዩት። በመብራቱ አጠገብ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ፣ አበቃ።

የጽሕፈት መኪናው እጃቸው ላይ ነው

በጽሕፈት መኪና መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይጮኻል፤ ጸሐፊዋ መያዣውን ገፍታ ወደ አዲስ መስመር ትሄዳለች። ያ እጅ ዎርድ ላይ በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር ይጫናል። ደብዳቤው ሲታተም ምንም አይልም። አለቃው አንድ ቃል ጨምሩ ሲሉ ግን መስመሩ ይሰበራል፣ ግማሹ ቃል ብቻውን ይንጠለጠላል፣ ጸሐፊዋም ገጹን እንደ አዲስ ትጽፋለች። አርእስት መሐል ለማድረግም፣ "ቁጥር" እና "ቀን" የሚሉትን ወደ ቀኝ ለመግፋትም ስፔስ ባሩን ሠላሳ ጊዜ መምታት እንዲሁ ከመኪናው የመጣ ነው። ፎንቱ ሲቀየር ሁሉም ይዛነፋል።

"ኢንተር አይጫኑ" ማለት አይሠራም፤ እጅ ትእዛዝ አይሰማም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8 አብራችሁ ተጫኑና የተደበቁት ምልክቶች ይታዩ። እያንዳንዱ ስፔስ ነጥብ፣ እያንዳንዱ ኢንተር የአንቀጽ ምልክት ሆኖ ሲታይ ሰውየው ራሳቸው ችግሩን ያገኙታል። ቀጥላችሁ በአንድ አንቀጽ መሐል ቃል ጨምሩና መስመሩ በራሱ ሲያርፍ አሳዩ። ምልክቶቹ ለሁለት ሳምንት በርተው ይቆዩ።

ከዚህ የከፋው ግን የትናንቱ ደብዳቤ ነገር ነው። አዲስ ደብዳቤ ለመጻፍ የቆየውን ይከፍታሉ፣ አድራሻውንና ጉዳዩን ይቀይራሉ፣ ሴቭ ይላሉ። የቆየው ደብዳቤ በዚያችው ቅጽበት ጠፋ። በወረቀት ዘመን ቅጂው መዝገብ ቤት ውስጥ ስለነበር አሮጌውን ከፊት አድርጎ አዲሱን መጻፍ ምንም አይጎዳም ነበር። "ሴቭ አዝ ይበሉ" ብሎ ማስታወስ ለአንድ ሳምንት ይሠራል። ዘላቂው መላ የደብዳቤውን አጽም፣ ማለትም አርማውን፣ ቁጥርና ቀኑን፣ "ጉዳዩ፦" የሚለውን፣ "ከሰላምታ ጋር" እና "ግልባጭ" የሚሉትን አዘጋጅቶ በዎርድ ቴምፕሌት ዓይነት ሴቭ ማድረግ ነው። ቴምፕሌት በደብል ክሊክ ሲከፈት ስም የሌለው አዲስ ገጽ ይሰጣል፣ ሴቭ ሲሉትም ስም ይጠይቃል። እጃቸው የፈለገውን ቢያደርግ አሮጌው አይነካም።

መብራት ለሚጠፋበት ቢሮ አንድ ነገር ጨምሩ። በዎርድ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ በራሱ የሚያስቀምጥበት ጊዜ 10 ደቂቃ ተብሎ ነው የሚመጣው። ወደ 2 አውርዱት።

አማርኛው

በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታይፕ የተማሩ ሰዎች ፊደሉ ያለበትን ቦታ ጣታቸው ያውቃል። አሁን የሚሠራበት አጻጻፍ ግን ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ ነው። ለወጣቱ ቀላል የሆነው ስልኩ ላይ እንዲያ ሲጽፍ ስላደገ ነው፤ ለእሳቸው አዲስ ካርታ ማጥናት ነው። ሁሉንም ፊደል የያዘ ትልቅ ሰንጠረዥ አትስጧቸው። ሀ፣ ለ፣ መን እጅ ቶሎ ያገኛቸዋል። የሚያስቸግሩት ጥቂት ናቸው፦ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዐ፣ ዠ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ፀ። እነዚህን ብቻ በአንድ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ሞኒተሩ ሥር ለጥፉ። አቀማመጣቸው በፓወር ግዕዝና ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ኪቦርድ ስለሚለያይ ቢሮው አንዱን ይምረጥ። ቤት አንድ፣ ቢሮ ሌላ የሆነ ሰው ሁለቱንም ሳይለምድ ይቀራል።

ካርዱ ላይ አራት ነጥብንም አክሉ። ያለበትን ስላላገኙ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ የሚመቱ ብዙ ናቸው። ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ መስመር ሲያልቅ ግን አንዱ ጥንድ ወደ ታች ይወርዳል።

የቆዩ ፋይሎች ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆነው ከታዩ ፋይሉ አልተበላሸም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታትም፣ ቢሮዎች የጻፉት የእንግሊዝኛ ፊደሎችን ቦታ በሚይዙ ፎንቶች ነበር። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር የሚያሳየው ሥር ያለውን እንግሊዝኛ ነው። ፎንቱን መጫን ለጊዜው ያድናል፤ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚላክ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ያስፈልጋል።

ከዚሁ የሚመጣ፣ ሰው በስንፍና የሚታማበት ነገር አለ፤ ፓስወርድ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ፓስወርድ ሲጻፍ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ምን እንደገባ አይታወቅም። ደጋግመው ሲሞክሩ ሲስተሙ ይቆልፍባቸዋል፤ "ፓስወርዳቸውን ረሱ" ተብሎ ለአይቲ ይደወላል። አልረሱም። ፓስወርድ ከመጻፍ በፊት በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ ያለውን የቋንቋ ምልክት ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ይሁን፤ በዓይን ምልክቱ የተጻፈውን ማየት የሚቻል ከሆነም ይህንኑ አሳዩ።

ኤክሴል ላይ የሚደርሰው

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ጉዳቱ ገንዘብ ነውና።

አንደኛው ቀን ነው። ኮምፒውተሮቻችን ባብዛኛው በአሜሪካ አቀማመጥ ናቸው፤ መጀመሪያ ወር፣ ቀጥሎ ቀን ይጠብቃሉ። ሰኔ 12 ቀን 2016ን 12/10/2016 ብለው ሲጽፉ ኤክሴል ዲሴምበር 10 ብሎ ይቀበላል። ሰኔ 25ን 25/10/2016 ብለው ሲጽፉ ደግሞ 25ኛ ወር ስለሌለ ቀን መሆኑን አያውቅም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ የፈረንጅ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ሲደረደር ይተራመሳል፣ ማንም ምክንያቱን አያገኝም። ምልክቱን አሳዩዋቸው፦ ቀን ነው ብሎ የተቀበለው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ነው ያለው ወደ ግራ ይጠጋል። ጳጉሜንማ ጭራሽ የለችም፤ 5/13/2016 ሜይ 13 ትሆናለች። መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ዓምዱን መርጦ ፎርማቱን ቴክስት ማድረግ፣ ከዚያ ዓመትን አስቀድሞ 2016-10-12 እያሉ መጻፍ ነው። ወርና ቀን ሁልጊዜ በሁለት አሐዝ ከተጻፉ እንደ ጽሑፍ ቢደረደሩም ቅደም ተከተላቸው ትክክል ይሆናል። ወይም ቀን፣ ወርና ዓመት ሦስት ዓምድ ይያዙ፤ በመዝገብ የለመዱ ሰዎች ይህኛውን ይወዱታል።

ሁለተኛው ድምር። በመዝገብ ላይ "ብር 5,000.00" ብሎ መጻፍ የጥንቃቄ ምልክት ነው። ኤክሴል ሴል ውስጥ "ብር" ሲገባ ግን ቁጥሩ ጽሑፍ ይሆንና ድምሩ ይዘለዋል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፤ ድምሩ ያንሳል፣ በቃ። በዜሮ ፈንታ የእንግሊዝኛ ኦ መጻፍ፣ በሺዎች መሐል ስፔስ መተው፣ ከሌላ ፋይል የተገለበጠ ቁጥር አረንጓዴ ማዕዘን ይዞ መምጣቱ፣ ሁሉም ውጤታቸው አንድ ነው። መከላከያው ቀላል ነው። ዓምዱን መርጦ በስክሪኑ ግርጌ ያለውን መስመር ማየት፤ ካውንት የሚለው የሁሉንም፣ ኑሜሪካል ካውንት የሚለው የቁጥሮቹን ብቻ ብዛት ይነግራል። ሁለተኛው ካልታየ ግርጌው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ማብራት ይቻላል። ከርዕሱ በቀር ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የሆነ ቦታ ጽሑፍ የሆነ ቁጥር አለ። አንጋፋ የሒሳብ ሰው ማመሳከር ይወዳል፣ ይህን አንዴ ካሳያችኋቸው ከእናንተ በላይ ይጠቀሙበታል።

ሦስተኛው ከሁሉም አደገኛው ነው። ስሞችን በፊደል ተራ ለመደርደር የስም ዓምዱን ብቻ ይመርጡና ሶርት ይላሉ። ስሙ ይደረደራል፣ ደመወዙ ባለበት ይቀራል፣ የአንዱ ደመወዝ ለሌላው ይሆናል። ኤክሴል ሊጠይቅ ይሞክራል፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈርተው ከሁለቱ አንዱን ይጫናሉ። ገና ከመጀመሪያው ሠንጠረዡን ኮንትሮልና ቲ ተጭናችሁ ቴብል አድርጉላቸው፤ ያኔ መስመሩ ሳይነጣጠል አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስህተቱ ደርሶ ከሆነና ፋይሉ ገና ካልተዘጋ፣ ኮንትሮልና ዜድ።

ቁጥር ፈንታ የመሰላል ምልክት ተደርድሮ ሲያዩ "ተበላሸ" ብለው የሚያጠፉም አሉ። ዓምዱ ጠቦ ነው። በዓምዱ ርዕስ የቀኝ ጠርዝ ላይ ደብል ክሊክ።

ስም ፍለጋም ትዕግሥት ያስጨርሳል። ኃይሉን በ"ሀ"፣ በ"ሐ"፣ በ"ኀ"፣ በ"ሃ" ወይም በ"ኃ" የጻፈ አለ፤ ለኮምፒውተሩ አምስቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ የመጀመሪያውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ "?ይሉ" ብሎ መፈለግ ሁሉንም ያወጣል። የሠራተኛ መለያ ቁጥር ባለበት ግን በስም መፈለጉን ማስቀረት ነው።

ሲስተሙን ከወረቀቱ ጀምሩ

በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኦራክል ላይ የተሠራው የፋይናንስ ሲስተም ኢፍሚስ፣ በወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የበጀትና የወጪ ሲስተሙ አይቤክስ፣ በግዥ ክፍል የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሲስተሙ፤ የትኛውም ቢሆን የሚያስተምረው ሜኑ አይደለም። ንብረት ክፍል የሚሠሩትን እትዬ ሞዴል 19ን፣ ማለትም የንብረት ገቢ ደረሰኙን፣ አስይዛችሁ አስቀምጧቸው። ዕቃ አቅራቢው፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ ያንዱ ዋጋ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሳጥን ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ ራሳቸው በጣታቸው እያመለከቱ ይፈልጉ። ከዚያ ሞዴል 22፣ የንብረት ወጪው። በወረቀቱ የሌለ፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ ያለ ሳጥን ሲመጣ ብቻ ነው ማብራሪያ የሚያስፈልገው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ እሱ ሦስት ወይም አራት ሳጥን ነው።

ሒሳብ ክፍል ያሉት 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6231 ውሎ አበል መሆኑን ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ ይነግሯችኋል። ወጣቱ ከዝርዝር ውስጥ እየፈለገ የሚመርጠውን እሳቸው በቃላቸው ይጽፉታል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ከመክፈት ይልቅ ቁጥሩን ቀጥታ መጻፍ እንደሚቻል አሳዩዋቸው። ፖስት የተደረገ፣ ማለትም ሲስተሙ ውስጥ በይፋ የተመዘገበ፣ ሒሳብ ማጥፋት እንደማይቻል፣ በተቃራኒ ምዝገባ እንደሚታረም ስትነግሯቸውም ምንም አይደንቃቸውም። በመዝገብም ፍቆ መጻፍ ክልክል ነበር። የሚደንቃቸው ተቃራኒው ነው፦ ፖስት ሳይደረግ በፊት ያለው ረቂቅ እንደ ልብ እንደሚሰረዝ። ይህን የማያውቁ ሰዎች መጀመሪያውኑ ለመንካት ይፈራሉ። የልምምድ ሲስተም ካለ እሱ ላይ፣ ከሌለ ረቂቅ ላይ፣ ሆን ብለው ስህተት እንዲሠሩና እንዲሰርዙት አድርጉ። አንድ ጊዜ በገዛ እጃቸው የሰረዙ ሰው ፍርሃቱ ግማሽ በግማሽ ይለቃቸዋል።

ኔትወርክ ሲያዘግም ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ሌላው ችግር ነው። ምላሽ የማይሰጥ ቁልፍ ያልተነካ ይመስላል። አንዳንድ ሲስተም ሦስቱንም ጠቅታ ይቀበልና አንዱን ክፍያ ሦስት ጊዜ ይመዘግባል። አንዴ ተጫኑ፣ እጅ ከማውዝ ይነሣ፣ የሚዞረው ክብ እስኪቆም ይጠበቅ፤ ከተቋረጠ እንደገና ከመጫን በፊት ዝርዝሩን ከፍቶ መግባቱን ማረጋገጥ።

ስለ ፓስወርድ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አንጋፋው ኃላፊ ማጽደቅ ስለከበዳቸው ፓስወርዳቸውን በሥራቸው ላለ ወጣት ልጅ ይሰጡታል፤ ልጁ ያዘጋጃል፣ በእሳቸው ስም ገብቶም ያጸድቃል። በወረቀት ቫውቸር ላይ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው ሦስት ፊርማ የነበረው ለምን እንደሆነ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ኦዲተር ሲመጣ ሲስተሙ የሚያወጣው የእሳቸውን ስም ነው። ቲተራቸውንና ማኅተሙን መሳቢያ ቆልፈው የሚሄዱ ሰው ፓስወርዱን በቢጫ ወረቀት ሞኒተሩ ላይ ሲለጥፉ ካያችሁ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማንም አልነገራቸውም ማለት ነው። ማጽደቅን ለብቻው፣ በአንድ ወረቀት፣ በአምስት እርምጃ ጽፋችሁ ስጧቸው። የቀረውን ሲስተም ባያውቁትም ይህችን ይወቋት።

አስተማሪው ምን ያድርግ?

ማውዙን አይንካ። ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ነው፤ እኛ በሁለት ሰከንድ የምንጨርሰውን እሳቸው በአርባ ሲፈልጉት እጃችን ይበላናል። ማውዙን ከቀማችሁ ግን የተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እናንተን መጥራት። በአፍ ንገሩ፣ በጣት አመልክቱ።

"ገባዎት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፤ ልጅ የሚያህላቸው ሰው ደክሞ ሲያስረዳ "አልገባኝም" ማለት ለእሱም ለእሳቸውም ይከብዳቸዋል። "ገባኝ" ይላሉ፣ ትሄዳላችሁ። "ጋሼ፣ እስቲ አሁን እርስዎ ያሳዩኝ" ማለት ይሻላል። ሰው በተሰበሰበበትም አታርሙ። የአዳራሹ ሥልጠና የማይሠራበት ትልቁ ምክንያት እሱ ይመስለኛል፤ በበታቾቻቸው ፊት የተሳሳተ ቁልፍ ከመጫን ጭራሽ አለመጫን ይመረጣል።

ጊዜው አርባ አምስት ደቂቃ፣ ጠዋት፣ በራሳቸው ጠረጴዛና በራሳቸው ኮምፒውተር ይሁን፤ በአንድ ቀን ከሦስት ተግባር አይለፍ። ማስታወሻውን እናንተ አትጻፉላቸው። በራሳቸው ደብተር፣ በራሳቸው እጅ ይጻፉት፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደሉን ሳይቀይሩ ይገልብጡት፣ ጎኑ ላይ በአማርኛ ምን እንደሚሠራ። የአማርኛው ማብራሪያ ብቻ ከሆነ በማግስቱ ስክሪኑ ላይ የሚፈልጉት ቃል አይኖርም።

ቴሌግራም የሚችሉ ከሆነ፣ ደግሞም ይችላሉ፣ ፋይል ማያያዝን ከዚያ ጀምሩ፤ የኢሜይሉም ምልክት ያው የወረቀት ማያያዣ ነው። ሲሲ የሚለው ሳጥን ደግሞ ግልባጭ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አይሻም። ከቴሌግራም ቀጥታ ተከፍቶ የታረመ ፋይል ግን ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ እነሱ ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ ይፈልጉታል። መጀመሪያ ወደ ራሳቸው ፎልደር ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይክፈቱ።

የስብሰባ ጥሪ ሲመጣም ሰዓቱን እዩላቸው። ካላንደሩ 2፡00 ሲል ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ እሳቸው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ደርሰው ሊንኩን ሲጠብቁ ያረፍዳሉ። የጨረታ መዝጊያ ሲሆን ቀልድ አይደለም።

ሥልጠናውን በሰኔ አታድርጉ። በጀት የሚዘጋበት ወር ነው፣ በሐምሌም የዓመቱ ቆጠራ ይከተላል፤ በዚያ ጥድፊያ የተማረ ሰው የሚይዘው ጥድፊያውን ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ረጋ ይላል።

አንድ የሚያጨቃጭቅ ነገር ቀረ፣ የጎን መዝገብ። ሲስተሙ ላይ እያስገቡ በመዝገብም መጻፋቸውን የማይተዉ አሉ፤ ወጣቱ "ድርብ ሥራ" ብሎ ይናደዳል። አትንጠቋቸው። ሲስተሙ በጠፋ ቀን ቢሮውን የሚያሠራው ያ መዝገብ ነው፤ ከዚያም በላይ የሲስተሙን ስህተት የሚያወጣውም እሱ ነው። ግን ማለቂያ ይኑረው። በወሩ መጨረሻ የመዝገቡን ሚዛን ከሲስተሙ ሪፖርት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ራሳቸው ያመሳክሩ፣ ልዩነት ካለ ምክንያቱን ይጻፉ። ሁለት ወር በተከታታይ ያለ ልዩነት ከተዘጋ፣ የመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ተፈርሞበት የሚቆምበት ቀን በደብዳቤ ይገለጽላቸው፤ ግልባጭ ለመዝገብ ቤትና ለውስጥ ኦዲት።